ዝናብ የመታቸው አጎቶች

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
የካቲት 1 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለአክስቴ ልጅ ለማንያህልሻል፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆችሽስ? የአሰላ ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ጤነኛ ነኝ። ጉልበቴንም ሰባ አራት ዓመት ስላገለገለኝ አልወቅሰውም። ልጄ መዓዛ ኢስተን ሆቴል ውስጥ ሥራዋን እንደያዘች ናት። የእሷ ልጅ ሔራን አሥራ ሦስት ሞላት። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ በእንግሊዝኛ ስትጠይቀኝ በአማርኛ እመልስላታለሁ። እስካሁን ማንም አልተሸነፈም።

በስልክ ለምን አልነገርከኝም እንዳትዪ። ስልክ የተባለውን ይዞ ይበናል። ወረቀት ይመሰክራል፤ ይህ ጉዳይ ደግሞ ምስክር ያስፈልገዋል።

ካሴቴን ታስታውሻለሽ። ሚስተር ሃሮልድ፣ የአሰላ ውኃ ሥራ መሐንዲስ የነበረው እንግሊዛዊ፣ በ1967 አገሩ ሲገባ ቴፑንና አንዲት ካሴት ለእኔ ለመጋዘን ጠባቂው ትቶልኝ ሄደ። እኅቱ ከሬዲዮ ቀድታ የላከችለት ነበረች። እንግሊዝኛዬን የተማርኩት ከእሷ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ የቋንቋ ትምህርት መስሎኝ ነበር። ከጀርባ የሚሰማው ሳቅ አንዱ ተማሪ ሲሳሳት ክፍሉ የሚስቅበት ነው ብዬ፣ እኔም እንዳይሳቅብኝ እያንዳንዱን ቃል አጠናሁ። ቀልድ መሆኑን ስደርስበት ሃያ ስምንቱንም ደቂቃ በቃሌ ይዤው ነበር። የተያዘ ትምህርት አይጣልም ብዬ እስከ ዛሬ አቆየሁት።

ባለፈው ወር በብሮድ ስትሪት በአውቶቡስ ስሄድ ጣሪያው ያፈስ ጀመር። ተነሥቼ ለሾፌሩ በካሴቱ እንግሊዝኛ፣ «ጌታዬ፣ ጣሪያዎ ቁርሱን ሊበላ ወደ ታች መውረዱን የምነግርዎ በታላቅ ኀዘን ነው» አልኩት። ሾፌሩ መንዳቱን ቀጠለ። ከኋላ ግን አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ብድግ ብሎ፣ «እንግዲያውስ አንድ ሰሃን ጨምሩለት!» ብሎ ጮኸና መጥቶ አቀፈኝ። የማላውቀው ሰው ሲያቅፈኝ እንደማልወድ ነገርኩት። ይቅርታ ጠይቆ ደግሞ አቀፈኝ። ዳግ ይባላል፤ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው።

ለካ ያቺ አባባል በየዝግጅታቸው የምትደጋገም ኖራለች። በካሴቴ ያሉት አምስት እንግሊዛውያን «ዝናብ የመታቸው አጎቶች» ተብለው ከሃምሳ ዓመት በፊት በሬዲዮ የገነኑ ቀልደኞች ናቸው። አንዳቸውም ዛሬ በሕይወት የሉም። አድናቂዎቻቸው ግን አሉ፤ ከመጠን በላይ አሉ። በወር አንድ ቅዳሜ ብሮድ ስትሪት ላይ ከአንድ ፒዛ ቤት የኋላ ክፍል አርባ ሆነው ይሰበሰባሉ። አጎቶቹ በየታሪኩ የሚገቡት ረጥበው ስለሆነ፣ እነዚህም ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ጠብታ ዝናብ በሌለበት የዝናብ ካፖርት ለብሰው ይመጣሉ። በሩ ላይ አንዲት ሴት ትከሻቸውን ውኃ ትረጫለች። እኔ ጸበል መስሎኝ ባርኔጣዬን አውልቄ አማተብኩ። ከኋላዬ የነበሩት ይህም ከሥርዓቱ መስሏቸው አማተቡ።

ከገባሁ በኋላ የሆነው አናደደኝ። አንድ የድሮ ዝግጅት ከፍተው ቀልደኛው አፉን ሳይከፍት አርባውም በአንድ ድምፅ ይጨርሱለታል። ቄሱ ሲል ሕዝቡ እንደሚቀበለው ነው፤ እነዚህ ግን ከቄሱ ይቀድማሉ። ተነሥቼ፣ «ቀልድ የሚሰማው በዝምታ ነው» አልኩ። አጨበጨቡልኝ።

ቆይቶ ተራ ሲደርሰኝ ከካሴቴ ላይ ያለውን፣ ኤጲስ ቆጶሱና መሰላሉ የሚሟገቱበትን ተናገርኩ። የሚቀድመኝ ጠፋ። ቀና ስል ሁሉም አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። ለካ የኔ ካሴት አሥራ አንደኛው ዝግጅት ናት፤ ሬዲዮ ጣቢያው ካጠፋት በኋላ በዓለም ላይ አልተገኘችም። አንዲት ባልቴት አለቀሱ። ኬቨን የተባለው፣ የዝግጅቶቹን ዝርዝር የሚይዘው ግን፣ «ጌታው፣ ከፈጠሩትም ጥሩ ፈጥረዋል» አለኝ።

ማንያህልሻል፣ እኔ በዕድሜዬ ቀልድ ፈጥሬ አላውቅም። በሰው ፊት ውሸታም ተባልኩ። «ካሴቱን ሳልይዝ ይህን ደጅ አልረግጥም፤ እዚህ ከመሰማቱ በፊት ማንም አይሰማውም፣ እኔም ብሆን» ብዬ ወጣሁ።

ካሴቷ ያለችበት ሣጥኔ አንቺ ዘንድ ነው። ቁልፉን ከዚህ ወረቀት ጋር ሰፍቼዋለሁ። ሞርስ ሮድ ላይ ሱቅ ያላት ሀዋ ወደ አገር ስትመላለስ ትይዝልኛለች። ፍጠኚ።

ወንድምሽ ጀማነህ


አሰላ
ሰኔ 20 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለጋሼ ጀማነህ፣

ጉልበትህን ያጽናልኝ፤ መዓዛንና ሔራንን ከዚህ ክፉ በሽታ ይሰውርልኝ። እኛ ደህና ነን። ደብዳቤህ አራት ወር ተጉዞ ትናንት ደረሰኝ። ስለ ማማተቡ ያለውን ለጎረቤት ሁሉ አነበብኩት። ወይዘሮ ዓለም ሥቃ ሥቃ ማስክዋን አውልቃ ተቆጡዋት።

ቁልፉ ደርሷል፤ ግን ጓጉንቸሩ ዝጎ አልዞርልህ አለኝ። ደግሞስ ምን ያስቸኩላል? ሰዎቹ እንደሆነ ሞተዋል ብለሃል። አድናቂዎቹ ሃምሳ ዓመት ከታገሡ ትንሽ ይጨምሩ። ሀዋም ብትሆን በዚህ ጊዜ በምን ትመጣለች?

እስቲ ባለካፖርቶቹን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። ደግሞ ዓይኔ ደክሟልና የማንበቢያ መነጽር ብትልክልኝ። አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ካሴት ሲቆይ በራሱ ይበላሻል ይባላል። እውነት ነው?

እኅትህ ማንያህልሻል


ኮሎምበስ
መስከረም 15 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለማንያህልሻል፣

ዘመኑ የጤና ይሁንልሽ። መነጽሩን በፖስታ ልኬያለሁ። ዳግ የሰጠኝ ፎቶ አብሮ አለ፤ ከግራ ሦስተኛው፣ አሣ ያንጠለጠለው፣ ዳግ ነው። አሣው ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

ካሴት በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ አይበላሽም። የኔ በደረቅ ቦታ ነው የተቀመጠው። ጓጉንቸሩ ላይ ናፍጣ ጠብ አድርጊበትና አንድ ሌሊት ተዪው። እንዳትሰብሪው።

ማኅበሩ አሁን የሚሰበሰበው በኮምፒዩተር ነው። ሔራን ልትከፍትልኝ ብላ እምቢ አልኩ፤ አልረግጥም ያልኩት ደጅ በመስኮት አይገባም። በየቤታቸው ሆነውም ትከሻቸውን ይረጫሉ አሉ። ዳግ ኮምፒዩተሩን አርሶ ገደለው። ስለዚህ በየሐሙሱ በእግሩ ይመጣና ከአጥሩ ወዲያ ካፖርቱን ለብሶ ይቆማል። እኔ በረንዳ ላይ ወንበሬን አወጣለሁ።

«ሚስተር ጀማነህ፣ ከአሰላ ምን ወሬ?» ይላል።

«ጓጉንቸሩ ዝጓል» እላለሁ።

«እጠብቃለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ ያዘልኩ ሰው ነኝ፣ የሚመጣ ደብዳቤ ይታወቀኛል።»

የፖስታ ሣጥናችንን ከእኔ በፊት ከፍቶ የሚያየው እሱ ነው። መዓዛ፣ «አባዬ፣ ይሄ ሰውዬ ጤነኛ ነው? ፖሊስ ኮል ላድርግ?» አለችኝ። ጤነኛ አይደለም፣ ግን ሰዓት ያከብራል አልኳት። ሰዓት የሚያከብር ሰው ከአጥር ውጭ እስከቆመ ድረስ አይከለከልም።

ወንድምሽ ጀማነህ


አሰላ
ጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለጋሼ ጀማነህ፣

ደህና ነህ ወይ? እኛ ደህና ነን። መነጽሩ ደርሷል፣ እግዜር ይስጥህ። ሣጥኑ ተከፈተ። ካሴት የለበትም። ምናልባት መዓዛ ስትሄድ ወስዳው ይሆናል።

ማንያህልሻል


ኮሎምበስ
መጋቢት 9 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለማንያህልሻል፣

ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ልንገርሽ። ከላይ የጡረታ ደብተሬ። ከሥሩ መዶሻ፣ ሁለት መጋዝ፣ ገጽ የተቀደደበት መዝገበ ቃላቴ። ከታች በስተቀኝ፣ በእናቴ በእናናዬ ነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለች ካሴት። ሌባ መዶሻ ትቶ ካሴት አይወስድም። መዓዛም ያን ሣጥን ነክታው አታውቅም።

አንቺ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ስትዋሺ ቃል ታሳጥሪያለሽ። ማር ጠርሙስ የሰበርሽ ቀን እናናዬ ጠይቃሽ «የለም» ብቻ ነበር ያልሽው። ሌላ ጊዜ አፍሽ አይገጠምም።

የማይገባኝ ምክንያትሽ ነው። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ አልተናደድኩም፤ ሐሙስ ስለሆነ ዳግ አጥሩ ጋ ቆሟል፣ ለእሱም ምን እንደምለው አላውቅም። እናቴ ስትሞት አሰብ ወደብ ነበርኩ፤ አንዲት ቃል ሳትተውልኝ ሄደች። ያንን ችዬዋለሁ። ያቺ ካሴት ግን ቃል ናት፤ ሰው ፊት የሰጠሁት ቃል። እሷንም ልጣ?

እውነቱን ጻፊልኝ። ረጅም አድርጊው።

ጀማነህ


አሰላ
ሰኔ 6 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጋሼ ጀማነህ፣

እግዚአብሔር ይህን ስታነብ ከአጠገብህ ሰው አያሳጣህ።

ረጅም አድርጊው አልክ። በሐምሌ 1981 እናናዬ ደረቷን ታማ ተኝታ ነበር። አንድ እሁድ ሾፌሩ ለማ ሰኞ ማለዳ ጭነት ይዞ ወደ አሰብ ይነሣል ተባለ። ያን ጊዜ ሰው ናፍቆቱን በካሴት እየሞላ ለመንገደኛ እንደሚሰጥ ታውቃለህ። «ደብዳቤ አትጻፊለት፣ የሰው እጅ ጽሑፍ ይነቅፋል፤ ድምፄን ላኪለት» አለችኝ። ባዶ ካሴት ፍለጋ ሦስት ሱቅ ዞርኩ፤ እሁድ ነውና ሁሉም ዝግ። ቤት ውስጥ የነበረችው አንተ አደራ ብለህ የተውካት ብቻ ናት። መቅጃው እንዲቀበላት ከጫፏ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በወረቀትና በሙጫ ደፈንኩ። መጀመሪያውን ይወደዋል ብዬ እስከ መሐል አሳለፍኩትና ከእዚያ ቀዳሁ። ዘጠኝ ደቂቃ ተናገረች።

ሰኞ በማለዳ ስሮጥ ለማ ሄዷል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን እናናዬ ዐረፈች።

አንተ መርዶ ሰምተህ ለአርባዋ ደረስክ። ድንኳኑ ውስጥ፣ «አንዲት ቃል ሳትተውልኝ» አልክ። ጋሼ፣ ካሴቱ ያን ጊዜ ኪሴ ውስጥ ነበር። እጄን ሰደድኩ። በዚያው ቅጽበት ጋሼ ግርማቸው ገባና አንተ ፊትህን አዞርክ። ያበደርከውን መዝገበ ቃላት ገጽ ቀድዶ መለሰ ብለህ አሥራ አንድ ዓመት ያላናገርከው የእናትህ ልጅ! ለአንድ ገጽ አሥራ አንድ ዓመት ከሆነ ለእኔ ስንት ሊሆን ነው አልኩ። እጄን መለስኩ።

አሰብን ለቀህ ስትመጣ ካሴቱን ሰጠሁህ። ቴፕህ ተሰብሮ ስለነበር ሳትሰማው ቆለፍክበት። እኔ እንደሆንኩ ያን ዕለት እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ያን እንቅልፍ እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

ያለችውን አልጽፍልህም፤ የእሷ ነው፣ ከአፍዋ ስማው። ለሌላም ሰው የሚበጅ ነገር አለበት። ካሴቱን ከነነጠላው ለሀዋ ሰጥቻታለሁ፤ በሚመጣው ወር ትነሣለች።

ቀልድህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እናትህን ያስቀረሁብህም እኔ ነኝ። የፈለግከውን ፍረድ፤ ብቻ ዝም አትበለኝ።

እኅትህ ማንያህልሻል


ኮሎምበስ
ነሐሴ 30 ቀን 2013 ዓ.ም.

ካሴቱ በሀዋ እጅ ደርሷል። አልሰማሁትም።

ጀማነህ


አሰላ
ኅዳር 4 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለጋሼ ጀማነህ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ሰባት ቃል ሳትሞላ ጻፍክልኝ። ቃል የሚያሳጥረው የሚዋሽ ነው ብለሃል፤ እንግዲህ አንተም የምትደብቀው አለህ ማለት ነው።

ፖስታ ቤት በየሳምንቱ እሄዳለሁ። ልጁ ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል። መነጽርም ፎቶም አልፈልግም። ስድብም ቢሆን ጻፍልኝ። ብትቆጣ እኮ ስንት ገጽ እንደምትጽፍ አውቃለሁ፤ ያ ዛሬ አማረኝ።

ማንያህልሻል


ኮሎምበስ
ጥር 5 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለማንያህልሻል፣

ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ። ከነቤተሰቤ ደህና ነኝ። ይህን ስታነቢ ቁጭ ብለሽ ይሁን።

ካሴቱ ሦስት ወር ኪሴ ውስጥ ነበር። ቃሌን ስለሰጠሁ ነው ያልሰማሁት። ይህ እውነት ነው፤ ሙሉው እውነት ግን አይደለም። ፈርቼ ነው። በቃ ጻፍኩት።

ማኅበሩ ኅዳር 25 ቀን ቅዳሜ ከወረርሽኙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በአካል ተሰበሰበ። ሔራንን ይዤ ሄድኩ። ዳግ በር ላይ ቆሞ ኖሯል። ሴትየዋ ትከሻዬን ረጨች። ከኋላዬ የነበሩት ሁሉ አማተቡ። ሔራን «ኦ ማይ ጋድ፣ አባባ፣ ምን አድርገሃቸው ነው?» አለችኝ። በአማርኛ!

ከማስከፈቴ በፊት ቆሜ ተናገርኩ። «ሙሉ ካሴት አመጣለሁ ብዬ ነበር። መሐሉ ላይ ዘጠኝ ደቂቃ ጠፍቷል። እኔም ያወቅኩት በቅርቡ ነው። ቃሌ ጎድሏልና ይቅርታ እጠይቃለሁ» አልኩ። ከዚያ ተቀመጥኩ። ኬቨን ቴፑን ከፈተ።

ኤጲስ ቆጶሱ ገና ከመሰላሉ ጋር ሲጨቃጨቅ ኬቨን ቀይ ሆነ። ዝርዝሩን አጥፎ መጥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። አሥራ አንድ ደቂቃ ማንም ማንንም አልቀደመም፤ የሚያውቀው የለምና። ቀልድ በዝምታ ሲሰማ ያን ቀን አዩ። ቀጥሎ የቤቱ አሽከር፣ «ጌታዬ፣ በር ይንኳኳል» ይላል። ጌታውም «ማን ነው?» ይላል። እዚያ ላይ ቀጭ አለና፦

«ይሄ ዕቃ ይሰማል? ማንያህል፣ ቀዩ መብራት ምን ሆኖ ነው የሚያፈጥብኝ?»

አርባውም በሳቅ ፈነዱ። የታሪኩ ክፍል መስሏቸው ነው። ዳግ ፊቴን አየና እጁን አነሣ። ሳቁ ተቋረጠ።

«አንተ ግትር! በላህ ወይ? አሰብ ሙቀት ነው አሉ፤ ሙቀት ሆድ ይዘጋል። ብቻህን አትብላ፤ ብቻውን የሚበላ ሰው ከሰሃኑ ጋር ይጣላል። አንተን ስወልድ ሁለት ቀን አልወጣም ብለኸኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ አልወጣህም። ስማ፣ ግርማቸው መጽሐፍህን አልቀደደም። እኔ ነኝ የቀደድኩት። ለወይዘሮ ዓለም በርበሬ ልጠቀልል ወረቀት አጣሁ። ስትቆጣ ፈራሁህና ዝም አልኩ፤ እናት ልጅዋን ስትፈራ ደግ አይደለም…»

ሔራን ከጎኔ ተነሥታ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ቃል በቃል እየተከተለች በእንግሊዝኛ ነገረቻቸው። በርበሬው ጋ ስትደርስ ክፍሉ እንደገና በሳቅ ፈረሰ። በዚህ ጊዜ የሣቁት ገብቷቸው ነው። ማንያህልሻል፣ ያ ገጽ ለስንት ዓመት እንዳቃጠለኝ አንቺ ታውቂያለሽ። በርበሬ!

መጨረሻ ላይ ድምፅዋ ደከመ። ጉልበቴን መረቀች፤ አሁን የሚያመኝን ጉልበት። ከዚያ፣ «በል፣ ጨርሻለሁ። ዝጊው» አለች። ቀጭ። ካሴቱ ወደ ድሮው ተመለሰ፤ የተመለሰውም የለንደን አዳራሽ ሲያጨበጭብ ላይ ነው። ለኤጲስ ቆጶሱ ነበር ጭብጨባው። ግን ምን ላድርግ፣ በጆሮዬ የሰማሁት እናቴ ተናግራ ስትጨርስ ለንደን ሲያጨበጭብላት ነው። አርባዎቹም ተነሥተው አጨበጨቡ። ዳግ ሳይጠይቀኝ አቀፈኝ፤ አልከለከልኩትም።

የጠፋውን ዘጠኝ ደቂቃ በቃሌ ተናገርኩላቸው፤ ኬቨን ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ግን ቅጂ ወስደው በየቤታቸው ደጋግመው የሚሰሙት የእናናዬን ነው። በታኅሣሡ ስብሰባ የሚሆነው ሆነ። ቴፑ ቀጭ ሲል፣ እናናዬ አፏን ሳትከፍት፣ አርባ ፈረንጅ በካፖርት ሆኖ፣ በዚያ በተሰባበረ አንደበቱ፣ «አንተ ግትር! በላህ ወይ?» አለ። በዝምታ ነው የሚሰማው ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ያው ቃል ነው፤ ከእነሱ እኩል፣ ምናልባትም በትንሽ ቀድሜ።

ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ አልጽፍም፤ ፈራጅ አይደለሁም። ባዶ ካሴት ፍለጋ ሦስት ሱቅ የዞረች ሴት ላይ የሚፈርድ ሰው እኔ አልሆንም። ሠላሳ ሁለት ዓመት የፈራሽኝን ግን በራሴ ላይ ፈርጄበታለሁ።

በዚህ ፖስታ ውስጥ ለግርማቸው የታሸገ ደብዳቤ አለ። በእጅሽ አድርሺልኝ። ይቅርታ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ስለሆነ አምስት ጊዜ ቀድጄ ነው የጨረስኩት። መዝገበ ቃላቱንም ከሣጥኑ አውጥተሽ ስጪው፤ ከእንግዲህ የእሱ ነው።

ከዚያ አንድ ነገር አደራ። ሲመችሽ ቤተ ክርስቲያን ሂጂና መቃብሯ አጠገብ ቁሚ። የጠየቀችውን ሳልመልስላት ቆይቻለሁ። ረጅም ንግግር አያስፈልግም፤ እውነት ስለሆነ ቢያጥርም ግድ የለም።

«በልቷል፤ ብቻውንም አይደለም» በያት።

ወንድምሽ ጀማነህ